በስም የታወቀ በሽታ
በነፍሳት የሚዛመቱ የከብት ቫይረሶችን የመለየት ታሪክ፣ ከድሬዳዋ አንጻር ሲታይ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ ከዚያም ጊዜ ጀምሮ የደጋውን ምርት ከቆላው፣ የቆላውንም ሀብት ከባሕር ጠረፍ ጋር የምታገናኝ የንግድ መተላለፊያ ሆና ኖረች። በቆላው ሀብት ማለት በመጀመሪያ ደረጃ እንስሳ ማለት ነው። የቀንድ ከብቱ፣ በጉ፣ ፍየሉና ግመሉ ለአርብቶ አደሩ ቤተሰብ ወተቱ፣ ጥሎሹና የክፉ ቀን መጠባበቂያው ነው፤ ከባሕሩ ማዶ ባለው የዐረብ አገር ገበያ ደግሞ እህል፣ ጨርቅና ስኳር የሚገዛበት ገንዘቡ ነው።

ሳቢያን ከዚህች ከተማ ሰፈሮች አንዱ ነው። በሰፈሩ ስም የሚታወቁት የከርሰ ምድር ውሃ ጉድጓዶች ለድሬዳዋ ነዋሪ ዋና የመጠጥ ውሃ ምንጭ ሆነው አገልግለዋል። ሙቀቱ ብርቱ፣ ዝናቡ ጥቂት በሆነበት በዚህ አገር ቤተሰብ ሁሉ ውሃን በበርሜልና በልዩ ልዩ ዕቃ አጠራቅሞ ያስቀምጣል። ውሃ በተጠራቀመበትም ትንኝ ይራባል። ስለዚህም «ደረቅ አገር የትንኝ በሽታ አያሰጋውም» የሚለው የቆየ ግምት በድሬዳዋ ምድር በተደጋጋሚ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ወደ መጨረሻው ላይ በዝርዝር ይነሣል።

በ1998 መጀመሪያ ላይ ሳዑዲ ዐረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን የቁም እንስሳ ከወደቦቿ አገደች። ምክንያቱ በኬንያና በሶማሊያ የተነሣው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ነበር። በኢትዮጵያ ምድር የዚህ በሽታ ወረርሽኝ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በይፋ አልተመዘገበም። ይሁን እንጂ እገዳው በሽታው የታየበትን አገር ካልታየበት አልለየም። በሽታ አልታየም ማለትና በሽታ የለም ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፤ የመጀመሪያው የዐይን ምስክርነት ነው፣ ሁለተኛው ግን የላቦራቶሪ መዝገብ ይጠይቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ለእንስሳት ሐኪም የሙያ ጉዳይ ሲሆን፣ ለቆላው አርብቶ አደር ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያ ርቀት እንዴት እንደተፈጠረና በምን ያህል ድካም እየጠበበ እንደመጣ በታሪክ መነጽር ማሳየት ነው።

ከደስታ በሽታ የተወረሰው ትምህርት

በኢትዮጵያ የከብት ቫይረስ ታሪክ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የደስታ በሽታ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምፅዋ በኩል ገብቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገሪቱ የቀንድ ከብት እጅግ የሚበዛውን ክፍል ፈጀ፤ የሚያርስ በሬ በመታጣቱም «ክፉ ቀን» እየተባለ የሚታወሰው የ1888–1892 ረኀብ ተከተለ። በዚያን ጊዜ የበሽታው መንስኤ ምን እንደሆነ በዓለም ላይ የሚያውቅ አልነበረም። ኒኮልና አዲል ቤይ የተባሉ ተመራማሪዎች መንስኤው ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ ውስጥ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር መሆኑን በኢስታንቡል ያረጋገጡት በ1902፣ ማለትም ድሬዳዋ በተቆረቆረችበት ዓመት ነው።

የደስታ በሽታ በነፍሳት የሚዛመት አይደለም፤ የታመመው ከብት ከጤነኛው ጋር በቅርብ ሲገናኝ በትንፋሽና በፈሳሽ ይተላለፋል። ሆኖም ለታሪካችን መሠረታዊ የሆነበት ምክንያት አለ። ይኸውም በአገራችን የእንስሳት ቫይረስ ሙያ የተገነባው በእርሱ ላይ በተደረገው ዘመቻ መሆኑ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደብረ ዘይት የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ፣ ከ1962 ጀምሮ በአፍሪካ አገሮች በየተራ የተካሄደው «የጋራ ፕሮጀክት 15» የተባለው የክትባት ዘመቻ፣ በኋላም የደም ናሙና እየሰበሰቡ ፀረ-አካልን የመመርመር ልማድ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ጠላትን ለማጥፋት የተሰለፉ መሣሪያዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ በ2008 ከበሽታው ነጻ መሆኗ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ድርጅት ዘንድ ታወቀላት፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከዓለም ገጽ መጥፋቱ ታወጀ።

ከዚህ ድል ሁለት ነገሮች ተርፈዋል። አንደኛው በሽታ የሌለበት አገር መሆንን በደም ምርመራ የማስመስከር ችሎታ ነው። ሁለተኛው ግን ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ በደስታ በሽታ የተሳካው ስልት በነፍሳት ለሚዛመቱት ቫይረሶች ሳይለወጥ ሊያገለግል አይችልም። የደስታ ቫይረስ ከታመመው ከብት ውጭ መደበቂያ አልነበረውም። በነፍሳት የሚዛመተው ግን አንድም የታመመ ከብት በማይታይበት ዓመት በትንኝ ገላ፣ በዱር እንስሳ ደም ወይም በደረቀ አፈር ውስጥ በቀረ እንቁላል ተሸሽጎ ሊቆይ ይችላል።

በናይቫሻ ሐይቅ ዳር

ይህ የመደበቅ ጠባይ የታወቀው በአንድ ጊዜ አይደለም። በ1930 በኬንያ ስምጥ ሸለቆ፣ በናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ባለ የበግ እርሻ፣ ግልገሎች በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ በብዛት ማለቅ፣ እናቶቻቸውም መጨንገፍ ጀመሩ። ዶብኒ፣ ሃድሰንና ጋርንሃም የተባሉ ተመራማሪዎች የሞቱትን ሲከፍቱ ጉበታቸው ተበላሽቶ አገኙ፤ በ1931 ባሳተሙት ጽሑፍም በሽታው ከዚያ በፊት ያልተገለጸ፣ በግን፣ የቀንድ ከብትንና ሰውን የሚይዝ የቫይረስ በሽታ መሆኑን አስታወቁ። ሰውን መያዙን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ ምርመራውን ያካሄዱት ሰዎች ራሳቸው በትኩሳት ወድቀው ነበርና። መንጋው ወደ ከፍተኛው ደጋ ሲወጣ በሽታው መቆሙ ደግሞ ትንኝን እንዲጠረጥሩ አደረጋቸው።

ጥርጣሬው ወደ ማስረጃ የተለወጠው በ1948 ነው። ስሚዝበርን፣ ሃዶውና ጊሌት በኡጋንዳ ሴምሊኪ ጫካ ከተያዙ ትንኞች ቫይረሱን ማውጣታቸውን አሳተሙ። ያ ጫካ የከብት ማሰማሪያ አልነበረም። ስለዚህ ቫይረሱ ያለ በግና ያለ ከብት በዱር የሚኖርበት የራሱ ዑደት እንዳለው ተገመተ።

ቀጥሎ የቀረው ጥያቄ በወረርሽኝና በወረርሽኝ መካከል ባሉት አምስት፣ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ዓመታት ቫይረሱ የት ይሰነብታል የሚል ነበር። ለዚህ ትልቁ መልስ በ1985 ተገኘ። ሊንቲከምና ባልደረቦቹ በኬንያ ዝናብ ውሃ ከሚያቁርባቸው ሜዳዎች የትንኝ እጮችን ሰብስበው በላቦራቶሪ አሳደጉ፤ ደም ጠጥተው የማያውቁት እነዚያ ትንኞች ቫይረሱን ይዘው ተገኙ። ከእናቲቱ ወደ እንቁላል አልፏል ማለት ነው። የዚህ ዓይነቷ ትንኝ እንቁላል በደረቀ አፈር ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ያልተለመደ ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ሲጥለቀለቅ በአንድነት ይፈለፈላል። ለአርብቶ አደሩ የሣር ዘመን የሆነው ዝናብ ለቫይረሱም የመነሻ ደወል ይሆናል። በዚህም የተነሣ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የባሕር ሙቀትንና በሳተላይት የሚታየውን የሣር ልምላሜ በማገናዘብ ወረርሽኙን አስቀድሞ መተንበይ ተጀመረ፤ የ2006–2007ቱ የምሥራቅ አፍሪካ ወረርሽኝም ከመነሣቱ በፊት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ፍለጋዎች

በአገራችን በነፍሳት የሚዛመቱ ቫይረሶችን ፍለጋ የተጀመረው በከብት ምክንያት ሳይሆን በሰው ምክንያት ነው። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ እጅግ ከባዱ ነበር፤ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተበት ተገምቷል። በአዲስ አበባ የነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች በዚያ ጊዜ ያከናወኑት የትንኝና የደም ምርመራ ለዚህ ሙያ በአገራችን መሠረት ጣለ።

ቀጥሎ በ1960ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የአሜሪካ ባሕር ኀይል የሕክምና ምርምር ክፍል ይህንኑ ፍለጋ አስፋፋ። በ1970 በጋምቤላ ከተሰበሰቡ ትንኞች ልዩ ልዩ ቫይረሶች ተለይተው በ1976 ውጤቱ ታተመ። በ1978 ደግሞ የክራይሚያ ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳትን፣ ቶጎቶን፣ ዱግቤንና ጆስን የሚባሉ ቫይረሶች ከኢትዮጵያ መዥገሮች መውጣታቸው ተገለጸ። እርግጥ ነው፣ መዥገር በሥነ ሕይወት አመዳደብ ከነፍሳት ወገን አይደለም፤ ነገር ግን ደም እየመጠጠ ቫይረስን በማሻገር ሥራው የትንኝና የተናካሽ ዝንብ ባልደረባ ነው።

የእነዚህ ፍለጋዎች ዋጋ ከፍ ያለ ቢሆንም አንድ ባሕርይ ነበራቸው። ይኸውም ትኩረታቸው በሰው ጤና ላይ መሆኑ ነው። ትንኙ ሰውን ነክሷልና ተያዘ፤ በዚያው ሌሊት የነከሰው በሬ ግን ብዙ ጠያቂ አላገኘም። የሰው ሐኪምና የእንስሳት ሐኪም በሁለት አጥር ውስጥ ሲሠሩ ቫይረሱ ግን አጥር አያውቅም ነበር።

የጉርብርብ በሽታ ሁለት ስሕተቶች

የቀንድ ከብትን በተለይ የሚያጠቃውና በነፍሳት የሚዛመተው ቫይረስ በኢትዮጵያ ላቦራቶሪዎች በሚገባ የተጠናው የቆዳ ጉርብርብ በሽታ ሲነሣ ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ ከብት ትኩሳት ይይዘዋል፣ ንፍጡና እንባው ይፈሳል፣ ቆዳው ላይ በእጅ የሚጨበጡ ጠንካራ እባጮች ይወጡበታል፤ ላሟ ወተት ትከለክላለች፣ በሬው ከእርሻ ይውላል፣ ቆዳውም ጠባሳ ስለሚቀርበት ከገበያ ዋጋው ይወድቃል።

በሽታው መጀመሪያ የተገለጸው በ1929 በዛሬዋ ዛምቢያ ነው። በዚያን ጊዜ ያዩት ሰዎች የመርዘኛ ተክል ውጤት ነው ወይም ቆዳው በነፍሳት ንክሻ ተቆጥቶ ነው ብለው ገመቱ። ከዚያ በ1943 በቦትስዋና፣ ቀጥሎም በደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በዚያች አገር ብቻ ወደ ስምንት ሚሊዮን የሚደርስ ከብት ካጠቃ በኋላ፣ ከእባጩ የተወሰደ ናሙና ወደ ጤነኛ ከብት ሲወጋ በሽታውን እንደሚያመጣ ታይቶ ተላላፊነቱ ተረጋገጠ። የመጀመሪያው ግምት ስሕተት ነበር፤ ይሁንና ፍጹም ከእውነት የራቀም አልነበረም። ነፍሳቱ በእርግጥ ጥፋተኞች ነበሩ፤ ጥፋታቸው ግን በምራቃቸው ሳይሆን ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው በአፋቸው ይዘውት በሚሄዱት ነገር ላይ ነበር።

በ1957 አሌክሳንደር፣ ፕላውራይትና ሃይግ ከእንዲህ ያሉ እባጮች የወጡትን ቫይረሶች በመስታወት ዕቃ ውስጥ በሚያድግ ሕዋስ ላይ ሲያራቡ አንድ ሳይሆን ልዩ ልዩ ዓይነት ቫይረሶች አገኙ። ከእነዚህ አንዱ ኒትሊንግ የተባለው እውነተኛው የጉርብርብ ቫይረስ ነው፤ ሌላው አለርተን የተባለው ግን ከሌላ ወገን ሆኖ፣ ሲያዩት ጉርብርብ የሚመስል ቀለል ያለ በሽታ የሚያመጣ ነው። በሁለቱ መካከል የዐይን ፍርድ ሊሳሳት ይችላል። ይህ ግኝት ዛሬም በየቀበሌው ለሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ትምህርት ነው፤ እባጭ ማየት ምልክት ማየት ነው እንጂ ቫይረስን ማወቅ አይደለም።

በሽታው ከደቡብ ወደ ሰሜን እየተጓዘ በ1957 ኬንያ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሱዳን ከደረሰ በኋላ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ባለው አገር በኢትዮጵያ ታየ፤ ስለ ወረርሽኙም የአገራችን ባለሙያዎች ያዘጋጁት ጽሑፍ በ1984 ታተመ። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተዛምቷል። ጉዳቱን በገንዘብ ለመገመት በኢትዮጵያ ተካሂዶ በ2011 የታተመ ጥናት፣ በሽታው በተነሣበት መንጋ ዓመታዊው ኪሳራ ለአንድ አገር በቀል ከብት 6.43 ዶላር፣ ለአንድ የውጭ ዝርያ ወይም ድቅል የወተት ከብት ደግሞ 58 ዶላር ያህል እንደሚደርስ አሳይቷል። ወተቷን ከፍ ለማድረግ የተዳቀለችው ላም ለቫይረሱም የበለጠ የተጋለጠች ሆና ተገኘች ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት በክትባቱ ስም ላይ ነው። የጉርብርብ፣ የበግ ፈንጣጣና የፍየል ፈንጣጣ ቫይረሶች እጅግ የተቀራረቡ ዘመዳሞች ስለሆኑ፣ በኬንያ ከበግና ከፍየል በሽታ የተገኘ ቫይረስ ተዳክሞ ለቀንድ ከብትም ክትባት እንዲሆን ተደረገ፤ በአገራችንም ለብዙ ዓመታት ተሠራበት። ይሁንና የተከተቡ መንጎች ሲታመሙ ታየ፤ በ2013 የታተመ የደብረ ዘይት የወተት ከብቶች ጥናት ይህንኑ መዝግቧል። የቫይረሱን የዘር ፊደል የማንበብ ዘዴ በተስፋፋ ጊዜ ደግሞ «የኬንያ የበግና የፍየል ፈንጣጣ» ከሚባሉት የክትባት ዘሮች ውስጥ በእርግጥ የጉርብርብ ቫይረስ የሆነ እንዳለ ታወቀ። በ2015 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናትም ከመስክ የተሰበሰቡትን ቫይረሶች ከክትባቱ ዘር ጋር አነጻጽሮ፣ የዘር ልዩነቱን ከክትባቱ መክሸፍ ጋር አያይዞ መረመረ። ስም መሳሳት እንዲህ ያለ ዋጋ ያስከፍላል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው አንድ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሌላ ከሆነ፣ ገበሬው በክትባት ላይ ያለው እምነት ይጎዳል፤ የተጎዳ እምነት ደግሞ በሚቀጥለው ዘመቻ ከብቱን እንዳያወጣ ያደርገዋል።

የ1997 ዝናብና የተዘጋው ወደብ

በ1997 መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ ከልክ ያለፈ ዝናብ ጣለ። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ፣ በጋሪሳ አካባቢ፣ እንዲሁም በደቡብ ሶማሊያ እንስሳት መጨንገፍና ማለቅ፣ ሰዎችም ደም እያፈሰሱ መሞት ጀመሩ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት መሆኑ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ፤ በ478 ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል ተብሎም ተመዘገበ። ነገር ግን ከሕሙማኑ የአንዳንዶቹ ናሙና ከዚህ ቫይረስ ጋር አልተስማማም። በኋላ እንደታወቀው በዚያው ዝናብ ሌላም ቫይረስ አብሮ ተነሥቶ ነበር። በመጀመሪያ «ጋሪሳ» የተባለው ይህ ቫይረስ፣ ሁለት ልዩ ልዩ ቫይረሶች የዘር ክፍላቸውን ተለዋውጠው ያስገኙት ንጋሪ የተባለው ቫይረስ መሆኑ ከዓመታት ምርመራ በኋላ ተረጋገጠ። አንድ መስሎ የታየው ወረርሽኝ ሁለት ነበር።

የመጀመሪያው የሳዑዲ ዐረቢያ እገዳ በ1999 ቢነሣም እፎይታው ረዥም ዕድሜ አልነበረውም። በመስከረም 2000 በሽታው ራሱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሳዑዲ ዐረቢያ ጂዛን አውራጃና በየመን ተነሣ፤ ከአፍሪካ አህጉር ውጭ ሲረጋገጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በሁለቱ አገሮች ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የቫይረሱ የዘር ፊደል ሲነበብም ከ1997–1998ቱ የምሥራቅ አፍሪካ ቫይረስ ጋር እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የገዢዎቹ አገሮች ሥጋት መሠረተ ቢስ ነበር ማለት አይቻልም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ኢትዮጵያን ጨምሮ ከቀንዱ አገሮች በሚመጣው እንስሳ ላይ እገዳ ጣሉ፤ ሳዑዲ ዐረቢያም በበርበራና በቦሳሶ በኩል የሚወጣውን የሶማሊያ እንስሳ እንደገና በይፋ የፈቀደችው በ2009 ነው።

ጭንቁ ያረፈው በአርብቶ አደሩ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ሶማሌ አካባቢ የሚወጣው የቁም እንስሳ አብዛኛው ጥንትም በበርበራ በኩል ይሻገር ነበር። ወደቡ ሲዘጋ ጥቁር ራስ ያለው የሶማሌ በግ በገበያ ላይ ገዢ አጣ፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገባው እህልና ሸቀጥም ተወደደ። ድርቁ በ1999–2000 ሲመጣ ሽጦ መትረፍ የሚቻልበት መንገድ ጠብቦ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረሰው ቫይረስ በመንጎቹ ውስጥ ይኑር አይኑር የሚታወቅበት የምርመራ መዝገብ ቢኖር ኖሮ እገዳው ጨርሶ ይቀር ነበር ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የቱ አካባቢ፣ የቱ መንጋ፣ ለምን ያህል ጊዜ ብሎ መነጋገር ይቻል ነበር። መዝገብ በሌለበት ድርድር የለም።

ከዚህ የተነሣ ለወጪ ንግድ የተዘጋጁ እንስሳትን ለይቶ የማቆያና ደማቸውን የመመርመር ሥራ ዋጋ አገኘ። በ2006 በጅቡቲ የተከፈተው የለይቶ ማቆያ ጣቢያ የዚህ ውጤት ነው። በአገር ውስጥም በሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪና በደብረ ዘይት ያለው የክትባት ተቋም ቀድሞ በደስታ በሽታ ላይ የዳበረውን የደም ምርመራ ሙያ ወደነዚህ ቫይረሶች አዙረዋል።

አንድ ናሙና የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

ቫይረስን ለይቶ ማወቅ ስንል በአንድ ቃል ብዙ ሥራዎችን እንጠራለን። ከሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ቫይረሱን ራሱን ከእንስሳው ወይም ከትንኙ አውጥቶ በሕዋስ ላይ ማራባት ነው፤ ይህ ግን ጊዜ ይፈጃል፣ መርማሪውንም ለአደጋ ያጋልጣል። የናይቫሻዎቹ መርማሪዎች ትኩሳት ይህን ያስታውሳል። በፒሲአር የቫይረሱን የዘር ቅንጣት መፈለግ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ቫይረሱ በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀን ስለሆነ ናሙናው በወቅቱ መወሰድ አለበት። በኢላይዛ ፀረ-አካልን መመርመር ደግሞ የእንስሳውን የትናንት ታሪክ ያነብባል፤ መጀመሪያ የሚመጣው የፀረ-አካል ዓይነት ቅርብ ጊዜ መያዙን፣ ኋላ የሚመጣውና የሚሰነብተው ዓይነት ግን በአንድ ወቅት መያዙን ብቻ ይናገራል።

ይህ ልዩነት ዛሬ ለምሥራቁ የአገራችን ክፍል ከፍ ያለ ትርጉም አለው። በ2021 በታተመ በሶማሌ ክልል የተካሄደ ጥናት፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ፀረ-አካል በሰዎች፣ በግመሎች፣ በቀንድ ከብት፣ በበጎችና በፍየሎች ደም ውስጥ ተገኝቷል። ወረርሽኝ ሳይመዘገብ ቫይረሱ በዝምታ አልፏል ማለት ነው። ታዲያ ይህን ማወቅ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? አንዳንድ ነጋዴ «ዝም ቢባል ይሻል ነበር» ቢል ከኪሳራው ትዝታ የተነሣ ነውና አይፈረድበትም። ነገር ግን የ1998 ታሪክ እንደሚያሳየው ዝምታ ገበያ አላስከፈተም። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ ወረርሽኝ ያለበትን ጊዜ በወረርሽኞች መካከል ካለው ጊዜ ለይቶ ያያል፤ በዚህ ልዩነት ለመጠቀም የሚችለው ግን ቫይረሱ የት እንዳለና መቼ እንደተነሣ በየጊዜው የሚመዘግብ አገር ብቻ ነው። የታወቀ በሽታ ወሰን ይበጅለታል፤ ያልታወቀ በሽታ ግን አገሩን በሙሉ ያስጠረጥራል።

ወደ ሳቢያን መመለስ

በ2013 በድሬዳዋ ምንነቱ በቅጡ ያልታወቀ ትኩሳት ተነሣ። ናሙናው ሲመረመር ደንጊ መሆኑ ታወቀ፤ በኢትዮጵያ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የመጀመሪያው የደንጊ ወረርሽኝ ይህ ነበር፤ ከ11,000 በላይ ሕሙማንም ተመዘገቡ። በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣ፤ በከተማዋ ከ40,000 በላይ ሰው ታመመ። በ2022 በከተማዋ የተነሣው ወባም ከእስያ ከመጣችና በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከምትራባ የወባ ትንኝ ጋር መያያዙ ተረጋገጠ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ውሃ ከጉድጓድ የምትቀዳ ደረቅ ከተማ በትንኝ ተፈተነች።

የደንጊንና የቺኩንጉንያን ቫይረስ የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕታይ የተባለችው ትንኝ ለእንስሳት ሐኪሙም እንግዳ አይደለችም። በ2001 የታተመ ሙከራ፣ ይህችው ትንኝ የጉርብርብን ቫይረስ ከታመመ ወደ ጤነኛ ከብት በአፏ ይዛ ልታሻግር እንደምትችል አሳይቷል። በመስክ ዋናዋ አስተላላፊ ናት ማለት አይደለም፤ በዚህ በኩል የጋጣ ዝንብና ሌሎች ተናካሽ ዝንቦች ይበልጥ ይጠረጠራሉ። ነገር ግን በሳቢያን ሰፈር በአንድ ግቢ ውስጥ የውሃው በርሜል፣ የሕፃኑ አልጋና የላሟ ማሰሪያ ጎን ለጎን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ትንኟ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትበር የትኛው ባለሙያ እንደሚመለከተው አትጠይቅም። በሰው ጤና ጣቢያ የሚወሰደው ደምና በእንስሳት ክሊኒክ የሚወሰደው ደም ተገናዝበው የሚነበቡ ከሆነ ግን፣ በአንዱ ወገን የታየው ትኩሳት ለሌላው ወገን ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ጉርብርብ ዛሬ የአፍሪካ በሽታ ብቻ አይደለም። በ1989 እስራኤልን፣ በ2013 ቱርክን፣ በ2015 ግሪክን ነካ፤ በ2019 ወደ ባንግላዴሽ፣ ወደ ህንድና ወደ ቻይና ገባ። እነዚያ አገሮች በሽታውን ለማወቅ ሲነሡ ያነበቡት በአፍሪካ ላቦራቶሪዎች የተጻፈውን ነው፤ ከዚያም ውስጥ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ድርሻ አለበት። ያ ድርሻ የተሠራው በበረዶ ሣጥን ናሙና ይዘው በአቧራ መንገድ በተጓዙ፣ የከብቱን ቀንድ ይዘው ደም በቀዱ፣ ናሙናው ከመድረሱ በፊት በረዶው እንዳይቀልጥ በተጨነቁ ሰዎች ነው።

በ1998 ወደቡ ሲዘጋ የጎደለው ይኸው ሥራ ነበር፦ ወረርሽኝ በሌለበት ዓመት፣ ጠያቂ በሌለበት ጊዜ፣ ጤነኛ ከሚመስል መንጋ ደም ቀድቶ ማስቀመጥ። የሚቀጥለው ከልክ ያለፈ ዝናብ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ከባሕሩ ማዶ ለሚመጣው ጥያቄ መልስ የሚሆነው ዛሬ በድሬዳዋና በአካባቢዋ ቆላ የሚቀዳው ናሙና ነው።